ቅጠል ውስጥ ያደረ ብረት

ሥራዬ ቅጠል ማጠብ ነበር። ሻርጃ፣ ፎቁ አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት ዳርቻ፣ በአትክልት ላይ የሚመራመሩ ሰዎች ግሪን ሃውስ አላቸው። የጽዳት ድርጅቱ የላከኝ ወለል እንድወለውል ነበር። ቅጠል ታጥብ የነበረችው ኔፓላዊት ኮንትራቷ አልቆ ስትሄድ ግን የምርምሩ ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ የጽዳት ሴቶቹን አሰልፎ እጅ እጃችንን አየ። እኔ ጋ ሲደርስ "ይቺ ጥፍሯ አጭር ነው፤ ትሁን" አለ። ከወለል ወደ ቅጠል ያደግሁት እንዲህ ነው።

ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን በየዘራቸው ተለይተው ይመጡልኛል። አቧራቸው እስኪለቅ አጥባለሁ፣ በተጣራ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከትቼ ምድጃ በመሰለ ሣጥን አደርቃለሁ፣ ሲደርቁ እፈጫለሁ። ዱቄቱን ሌሎች ይወስዱትና በአሲድ አሟምተው ለማሽን ይሰጡታል። ማሽኑ ቅጠሉ ከአፈር ምን ያህል እርሳስና ካድሚየም እንደሳበ ይናገራል። ሁለቱም ሰው ውስጥ ከገቡ በኋላ ለመውጣት የማይቸኩሉ ብረቶች ናቸው፤ አጥንትና ኩላሊት ውስጥ ቤት ይሠራሉ።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ እቅፍ ጎመን ወደ ቆሻሻ ሲሄድ አይቼ አንጀቴ አረረ። ቅጠሉ ጠቁሮ የለመለመ፣ ትል ያልነካው፣ ሲነኩት እንደ አዲስ ገንዘብ የሚንኮሻኮሽ ነበር።

"ይሄን ልውሰደው?" አልኩት ዶክተሩን።

ግብፃዊ ነው። በር ሲገባ ሆዱ ይቀድመዋል። ሰው ማስደንገጥ ይወዳል።

"ውሰጂ" አለኝ። "ግን መጀመሪያ የምትጠዪውን ሰው ጋብዢበት።"

ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ደስ አለው፤ ደስ ሲለው ደግሞ ወንበር ስቦ ያስተምራል።

"ፎቅ አስቢ" አለ። "ስሩ ምድር ቤት ነው፣ ቅጠሉ ላይኛው ቤት። ተክል ዚንክ ሲርበው በሩን ይከፍታል፤ ካድሚየም ዚንክ መስሎ አብሮ ይገባል። ጨዋ ተክል ምድር ቤት ውስጥ ናቱር አለው።" ናቱር እዚህ አገር የፎቅ ዘበኛ ነው። "ናቱሩ እንግዳውን ይይዝና ስሩ ውስጥ ያለ ጓዳ ውስጥ ይቆልፍበታል። ናቱሩን የሚሠራው በዘር የሚተላለፍ ጂን ነው። ተክሉ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል። ሁለቱም ከተበላሹ ናቱር የለም፤ እንግዳው ሊፍት ይዞ ቅጠል ላይ ይወጣል።"

"ታዲያ ቅጠሉ አይታመምም?"

"የሚታመም አለ። ቢጫ ይሆናል፣ ይጨማደዳል፣ አይተሽ ትጥይዋለሽ። ክፉው ሌላ ነው። ክፉው ቅጠል የራሱ ጓዳ አለው። ብረቱን እዚያ ከትቶ ዘግቶበት አምሮበት ይቆማል። እሱን ዓይን አያውቀውም። ማሽን ነው የሚያውቀው።"

ግሪን ሃውሱ ውስጥ ያለው ሹግል፣ ሥራው ሁሉ፣ ከዚህ የተነሣ ነው። አበባውን በትንሽ ብሩሽ ያዳቅሉታል፣ ንብ እንዳይነካው ከረጢት ያለብሱታል፣ ልጆቹን ይዘሩና ናቱር ያለውን ከሌለው ይለያሉ። ናቱር ያለው ለገበሬ ይዘጋጃል። የሌለው እኔ እጅ ላይ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ያልቃል።

ያኔ የምኖረው አጅማን፣ አል ራሺዲያ ነበር። አንድ ቦታ አልረጋም። ዱባይ ኢንተርናሽናል ሲቲ ቤድ ስፔስ፣ የአንድ አልጋ ኪራይ፣ ነበረኝ፤ ከታችኛው አልጋ የምትተኛዋ ልጅ ስልክ ላይ ስታለቅስ መስማት ሰልችቶኝ ወጣሁ። አል መጃዝ ገባሁ፤ እዚያ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም፣ ያም ሰለቸኝ። አል ራሺዲያ የገባሁት ኪራዩ ቀለል ስለሚል ነው። የቆየሁት ግን እትዬ ለሚያበስሉት ጎመን ነው።

እትዬ የምንላቸው ከክፍላችን ሴቶች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን ነው። የደቡብ ጎንደር ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን በሰው ቤት ጨርሰው፣ በመጨረሻ አንዲት ሽማግሌ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ሲያነሱ ሲጥሉ ጀርባቸው ከዳቸው። ማዳም ሐኪም ቤት አልወስድም ስትላቸው ጠፍተው ወጡ። ፓስፖርታቸው እዚያው ቀረ። መኖሪያ ፈቃድም የላቸውም። ከተቀመጡበት ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ፤ ግድግዳ ሲይዙ ያየቻቸው ሴት ግን ወዮላት።

ደግ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። እኔን የሰው ነገር የምጽፍበትን ደብተር ይዤ ሲያገኙኝ "አንቺን ያገባ ሰው ለቅሶ ቤት አይቸግረውም፤ አልቃሿ ከቤቱ ናት" ይሉኛል። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛ፣ ሳሎን ውስጥ ጥፍር የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። እሷን ደግሞ "የሰው እግር ስትልሺ ውለሽ መጣሽ?" ይሏታል። ልጅቷ አፏ የሚያርፍ አይደለም። "እትዬ፣ እኔ የምልሰው እግር እኮ የታጠበ ነው" ትላለች። ሁላችንም እንስቃለን። ያ ክፍል ውስጥ ሳቅ ከሰው ላይ ተቆርሶ ነው የሚበላው።

እትዬ ግን መሬት ነበራቸው። አጅማን የኢንዱስትሪው ሰፈር ውስጥ አሮጌ ባትሪ ይሰበርበት የነበረ ጋራዥ ተዘግቶ ነበር። ከኋላው በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ፣ የማይዘጋ ቧንቧ፣ አንድ ፓኪስታናዊ ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ጎመን እየበላ ዝም ሊል ተስማማ። እህታቸው ከአገር በላከችላቸው ጎመንዘር ጀመሩ። ሙቀቱ በረድ ሲል ይዘራሉ፣ ሁዳዴ ሲገባ ይደርሳል። በጾሙ ከየቪላው የዕረፍት ቀን የምትወጣ አበሻ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእኛ በር ታልፋለች። የገበያ አዳራሹ ጎመን ውሃ ውሃ ይላል፤ የእትዬ ጎመን ግን የአገር ቤት ጎመን ነው፣ ጥርስ ላይ ይቆማል።

ዘር የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ። እናታቸው ታደርግ እንደነበረው፣ ማሳው ውስጥ ቀስ ብለው እየዞሩ ቢጫ ያሳየውን፣ ጫፉ የተጨማደደውን፣ ዕድገቱ የዘገየውን ገና በለጋው ይነቅላሉ። "ጎመን እንደ ሙሽራ ነው" ይላሉ። "እናቷ ቤት ያጉረመረመች ባሏ ቤት አትበረክትም።" ከሁሉ የጠቆረውን፣ ቅጠሉ የሰፋውን፣ ያ መሬት ያልበገረውን ቀይ ክር ያስሩበትና ለዘር ይተዉታል። በየዓመቱ እንዲያ አደረጉ። በየዓመቱም ጎመኑ አማረ። የመጀመሪያው ዓመት ግማሹ ቢጫ ነበር አሉ፤ እኔ በደረስኩበት ዓመት አንድም ቢጫ አላየሁም።

በዚያው ዓመት ዴይራ ውስጥ የአበሻ እህልና ቅመም የሚሸጥ ነጋዴ እትዬን አስጠራቸው። ያለዎትን ሁሉ እኔ እወስዳለሁ፣ ለከርሞም ሰፋ አድርገው ይዝሩ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ቀደም ሲል ከሌላ ሰው የወሰደው አትክልት ደንበኛ አሳምሞበት ነበርና፣ የሚያውቅ ሰው ንጹህ ነው ይበለኝ አለ።

በዚያው ሳምንት አል መጃዝ የምትኖር ደላላ ስልክ መደወል ጀምራ ነበር። ወረቀት የሌላት ሠራተኛ የምትቀበል ማዳም አግኝቻለሁ፤ ሥራው አልጋ ላይ የቀረች እናቷን ማንሳት ነው ትላለች። እትዬ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ወይ ጎመን ነው ወይ ማዳም ነው" አሉኝ። "ሌላ የለኝም። እንደገና ሰው ካነሳሁ እዚያው እቀራለሁ፣ አስከሬኔን ነው የምታነሺው።" አንድ እስር ጎመን በፌስታል ጠቅልለው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። "ለዶክተርሽ ውሰጂለት። ይየው። ከዚያ ለነጋዴው ደውሎ አንድ ቃል ይበለው።"

አውቶቡስ ላይ ፌስታሉን ከፍቼ አየሁት። ጠቁሮ የለመለመ፣ ትል ያልነካው ነበር። በየቀኑ እጄ ላይ የሚያልፍ መልክ ነው። ብመልሰው ምን እላቸዋለሁ? ዘጋሁት።

አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ፈጨሁት። ማሽኑ በተናገረ ቀን ዶክተሩ ከቢሮው እየሮጠ መጣ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ ሆዱ ከእሱ ዘግይቶ ነው የቆመው።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከምኖርበት ቤት።"

"በልተሽዋል?"

"ጾሙን ሙሉ።"

"ማሻላህ!" አለ። ለእኔ አልነበረም፤ ለቅጠሉ ነው። ከዚያ ትዝ ሲለው "ከእንግዲህ አትብይ" አለኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ካድሚየሙ ከሚፈቀደው እጅግ በላይ ነው፤ እርሳሱ እንኳን፣ አብዛኛውን ጊዜ ስር ላይ ተጣብቆ የሚቀረው፣ ቅጠሉ ላይ ወጥቷል። "መሬቱ ብቻ ሊሆን ይችላል" አለ። "ዘሩም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቼ ማወቅ አለብኝ። አፈሩንና ዘሩን አምጪልኝ።"

ማታ እትዬ ድስት ሲያማስሉ ደረስኩ። ጥፍር ሠሪዋ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልክ ታያለች።

"እትዬ፣ መርዝ አለበት አለ" አልኳቸው።

ማማሰላቸውን አላቆሙም። "ምን ዓይነት መርዝ?"

"ብረት ነው። ከአፈሩ ይስባል፣ ቅጠሉ ውስጥ ይከተዋል።"

"ታጥቦስ?"

"ላዩ ላይ አይደለም፣ ውስጡ ነው። አይለቅም።"

"በሎሚና በአቼቶ ይለቃል። ታጥቦ የማይለቅ ኃጢአት ብቻ ነው።" ማማሰያውን ጠርዙ ላይ ጠረጉት። "ዶክተርሽ ሌላ ምን አለ?"

"አፈሩንና ዘሩን አምጪ አለ።"

ያኔ ሳቁ። "አላልኩም! ዘሬን ነው የፈለገው። ሰው የሚፈልገውን ነገር መርዝ ነው ይለዋል፤ ባለቤቱ እንዲጥለው። ውሰጂለት፣ ውሰጂለት። ይዝራውና ይፈር።"

ጥፍር ሠሪዋ ከአልጋዋ ወረደች። ፊቷ ነጥቷል። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ከዚያ ድስት ሌላ አልቀመሰችም፤ ከሁላችንም በላይ የምትበላው እሷ ነበረች።

"መርዝ ነው ያልሽው?" አለችኝ።

"እሱ ነው ያለው።"

"አንቺ ስታበይኝ የነበረው?" አለች ወደ እትዬ ዞራ። ከአንቱ ወደ አንቺ የወረደችው በዚያች ቅጽበት ነው፤ መሰላል እንኳ አልፈለገችም። "ጎመን በጤና ሲሉ ሰምቼ ነበር። አንቺ ግን ጎመኑን ሰጥተሽ ጤናውን ወሰድሽ!"

"ቁጭ በይ፣ አንቺ የእግር ላሽ" አሉ እትዬ።

ልጅቷ ድስቱን በጨርቅ ይዛ አነሳችው። ኮሪደሩን አልፋ፣ የጋራ ቆሻሻ ማፍሰሻው ጋ ደርሳ፣ ለሌሎቹ ክፍሎች እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "የጎመን ምንቸት ውጣ! የገንፎ ምንቸት ግባ!" ብላ ደፋችው። ከየበሩ ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ። ነገሩ ሲገባቸው የሳቀችም ነበረች፣ ሆዷን የያዘችም ነበረች፣ ስልኳን ያወጣችም ነበረች። ስልክ ያወጣችው ናት የከፋችው። እሑድ በበራችን ያለፈ ሰው የለም። ዴይራ ያለው ነጋዴ ወሬው ደርሶት ለእትዬ ራሱ ደወለ፤ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ አለና ዘጋ።

እትዬ ለራሳቸው መቀቀል አልተዉም። ማንም አብሯቸው አይቀርብም። አንድ ቀን ጥፍር ሠሪዋ ከላይ ሆና "ብዪ፣ ብዪ፣ የራስሽ እጅ ነው" አለቻቸው። እትዬ አጎረሱ፤ ራሳቸውን። አላምጠው፣ ውጠው፣ አፋቸውን ጠርገው "ጨው አንሶታል" አሉ።

እስከዚያ ዶክተሩ ሥራውን ይሠራ ነበር። እኔ በጆንያ ያመጣሁትን የእትዬን አፈር በማሰሮዎች አከፋፈለው። ግማሹ ላይ የግሪን ሃውሱን ጎመን ዘራ፣ ግማሹ ላይ የእትዬን። አፈሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ብርሃኑ አንድ ነው። የግሪን ሃውሱ ጎመን ቢጫ ሆነ፣ ጠወለገ፤ ሳጥበው ሳደርቀው ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ብረት ትንሽ ነበር፣ ሌላው ስሩ ላይ ቀርቷል። የእትዬ ጎመን ተንጠራርቶ ቆመ፣ ጠቆረ፣ አማረ፤ ብረቱም ሁሉ ላይ ነው። አንዷን ማሰሮ አንስቶ ለረዳቶቹ አሳየ። "አፈር አይደለም፣ ዘር ነው" አለ። "ይሄን የመረጠች ሴት አለች። አሳዪኝ።"

ይመጣል ስላቸው እትዬ ነጠላቸውን አጥበው አሰጡ። "ዘሬን ከፈለገ እጄንም ይፈልጋል" አሉኝ። "ዘር ብቻውን አይበቅልም። እሱ ከቀጠረኝ ያቺ ደላላ ገደል ትግባ።" ሲናገሩ ዓይናቸው እንደ ልጅ ዓይን ሆኖ ነበር፤ ለማየት ይከብድ ነበር፣ ስለዚህ አየሁት።

በዶክተሩ መኪና ሄድን። ዘበኛው በሩን ከፈተ። ቀይ ክር የታሰረባቸው ጎመኖች አብበው፣ ግማሾቹ ዘር ይዘው ቆመዋል። ከእግራችን ሥር የጥቁር ፕላስቲክ ስብርባሪና ግራጫ ቁራጮች ይታያሉ። እትዬ በሰው ቤት የለመዱት አረብኛ ከእኔ ይሻላል፤ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

"ዘር እንዴት ነው የምትመርጪው?" አላቸው።

እትዬ ነገሩት። ቢጫውን ነቃቅለው፣ የተጨማደደውን ጥለው፣ መሬቱ ያልበገረውን ለዘር እንደሚተዉ። ክሩን እየነኩ አሳዩት። ዶክተሩ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ፤ የተደሰተ ሰው ሳቅ ነው።

"እኔ በብሩሽና በከረጢት የምለፋበትን አንቺ በዓይንሽ ሠራሽው" አላቸው። "ግን በተቃራኒው። አንቺ የነቀልሽው መመረዙን የተናገረውን ነው። ዘር አድርገሽ ያስቀረሽው ውጦ ዝም ያለውን ነው። ዝም ያለው ዝም የሚል ልጅ ወለደ። በየዓመቱ አንድ ደረጃ ባሰ።"

እትዬ የነኩትን ክር ለቀቁ። "ታዲያ ጎመኔ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?"

"ለመሬት ጥሩ ነው። የተበላሸ መሬት ላይ ብንዘራው መርዙን ስቦ ያወጣል፤ ከዚያ ነቅለን እናቃጥለዋለን። እንዲህ ያለ ጎመን አይቼ አላውቅም። ለአፍ ግን አይሆንም።"

"መሬት ገዝቶ አይበላም" አሉ። "እኔን ቅጠረኝ። ከዘሬ ጋር። ለመሬትህም እዘራልሃለሁ፣ ለማቃጠሉም አቃጥላለሁ።"

"ፓስፖርት አለሽ?"

"ማዳም ጋ ቀርቷል።"

"ኢቃማስ፣ መኖሪያ ፈቃድ?"

እትዬ የአንዱን ጎመን ክር ማጥበቅ ያዙ። ዶክተሩ ወደ እኔ አየ፣ ወደ መሬቱ አየ። "ሙሽኪላ፣ ችግር ነው" አለ። "እኔ በግሌ ምንም አልል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን አይቀበልሽም። ዘሩን ግን እንወስዳለን።"

"እኔ ሳልመጣ?"

"ዘር ቪዛ አይጠየቅም" አለና ሳቀ። እትዬ አልሳቁም። ከዚያ እሱም ትንሽ አፈረ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንቺስ በልተሻል?" አላቸው።

"ከሁሉ በፊት የምቀምሰው እኔ ነኝ።"

"ክሊኒክ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ።"

"ክሊኒኩም መታወቂያ ይጠይቃል" አሉት። "እኔ ዘር አይደለሁም።"

ዶክተሩ ተሰናብቶ ወጣ። በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁ፤ ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። እትዬ ክር ወደታሰረበት አንድ ጎመን ሄዱ፣ ሊነቅሉት ጎንበስ አሉ፤ ጀርባቸው ግማሽ መንገድ ላይ ያዛቸው።

"ነይ ንቀይው" አሉኝ። "ሁሉንም ንቀይ። ዘሬን ለማንም አልሰጥም።"

መንቀል ጀመርኩ። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ እጄን ያዘኝ። በጾም በሁዳዴ የእትዬን ጎመን እየበላ የከረመ ሰው ነው። አሁን "ያላ፣ ውጡ" አለን። በማግሥቱ ስንሄድ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ዘሩ ሲደርስ ከግሪን ሃውሱ ሰዎች መጥተው በመቀስ እየቆረጡ ወሰዱት። እኔ ያንን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከረጢቱን ተቀብዬ ያራገፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥር ተሰጠው። ዶክተሩ ረድፍ መድቦለታል፤ ብረት አልስብ ያለውን እየነቀለ የሚስበውን ያስቀራል።

እትዬ ደላላዋ ጋ የሄዱት በዚያው ሰሞን ነው። "አንቺም ትመጫለሽ" አሉኝ። "ለምን እኔ?" ብላቸው "ከዚህ ክፍል ደረቅ ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ። የምታለቅስ ሴት ይዤ ብሄድ ማዳም ትጠረጥራለች" አሉ። ታክሲ ውስጥ ነጠላቸውን አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀቡ፣ ጉንጫቸውን በእጃቸው እየሻሹ አቀሉ። "እዚያ ምንም ብል ምንም፣ ማዳም ስትጠይቅሽ ደህና ናት በያት። ካልወሰደችኝ ቀጥሎ የሚወስደኝ ፖሊስ ነው። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

የደላላዋ ሳሎን አል መጃዝ ፎቅ ላይ፣ ባሕሩ በሚታይበት መስኮት ሥር ነው። ማዳም ወጣት ናት፣ ጥሩ ሽቶ ትሸታለች፣ አልተቀመጠችም። እትዬን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። ዓይናቸውን አየች፣ ምላሳቸውን አውጪ አለቻቸው፣ መዳፋቸውን ገልብጣ አየች። እትዬ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እንደዚያ ቀጥ ብለው ቆመው አይቻቸው አላውቅም።

"ያምሻል? ጀርባ? ጉልበት?"

"ላ፣ ማዳም። ምንም።"

"እናቴ ከባድ ናት" አለች ማዳም። ደላላዋን ዞር ብላ አየች፣ ክፍሉን ቃኘች፣ ጥግ ላይ ያለውን ሙሉ የውሃ ጋሎን አየች። "እሱን አንሺ።"

እትዬ ሄዱ። ጎንበስ አሉ። ግድግዳው አጠገባቸው ነበር፤ አልያዙትም። ጋሎኑን አቅፈው ተነሱ፣ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ዞሩና ፊት ለፊታችን ቆሙ። ፊታቸው አልተቀየረም። ፈገግታ እንኳን ነበረው። አንገታቸው ላይ አንድ ሥር ብቻ ተገትሮ ይመታ ነበር፤ ያንን ለማየት አጠገባቸው መቆም ያስፈልጋል።

ማዳም አስቀምጪ አላለችም። ስልኳ ጠርቶ ነበርና አነሳችው፣ ከአንድ ሰው ጋር ስለ ምሳ አወራች፣ ሳቀች።

እትዬ ፈገግታቸውን ሳያጥፉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ በአማርኛ በቀስታ "ልጄ፣ ወገቤ ተቆረጠ። አስቀምጪ ትበለኝ፣ ንገሪያት" አሉ።

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ማዳም ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና "ምን አለች?" አለችኝ።

"ቀላል ነው አለች" አልኳት።